ብርቅዬ፣ ሰሙና የጎደለው ቮልት

የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ቅዳሜ የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ማንኪራ አክስቴ ዘንድ አድሬ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቦንጋ በእግሬ እመለሳለሁ። የሚጭነኝ አጥቼ አይደለም፤ ብቻዬን መሄድ ስለምወድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ጉም ሲወርድ ከፊት ያለው ዛፍ ይጠፋል፣ ከኋላ ያለውም ይጠፋል፣ ሰውም ከገዛ ሐሳቡ ጋር ይቀራል። እኔ እንዲህ ባለው ሰዓት በልቤ ቤት እሠራለሁ፣ ድልድይ እዘረጋለሁ፣ ገና ያልጻፍሁትን መጽሐፍ አሳትማለሁ።

ክረምቱ ገና ባልወጣበት በመስከረም መጀመሪያ፣ እንዲሁ እያለምሁ ቁልቁለቱን ስወርድ ከኋላዬ ጎማ ጠጠር ሲፈጭ ሰማሁ። የሞተር ድምፅ አልነበረም። መብራትም አልነበረም። ዞር ስል አንዲት አረንጓዴ ፒክአፕ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች፤ በእኔና በእሷ መካከል ቢበዛ የአንድ አልጋ ርዝመት ቢቀር ነው። እንዴት እንደዘለልሁ አላውቅም። ብቻ ራሴን የጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ቆሜ አገኘሁት።

ፍሬኑ ጮኸ፤ መኪናዋም ቁልቁለቱ አልቆ መንገዱ ሜዳ ከሚሆንበት ላይ ቆመች። አንድ ሽማግሌ በሩን ከፍተው እየሮጡ መጡ።

«ተርፈሃል?»

«አለሁ፣ ጋሼ።»

«እስቲ እግርህን አንሣ። ሌላውንም። እጅህስ? ተመስገን! ታዲያ ምን ሆነህ ነው በመንገድ መካከል እንደ ሙሽራ የምትንጎራደደው?»

«ሙሽራስ ጥሩንባ ይሰማል» አለች በሌላው በር የወረደች ወጣት ሴት። «እርስዎ ጥሩንባ አልነፉ፣ መብራት አላበሩ፣ ሞተሩንም አጥፍተው ነው የወረዱት። ልጁ በምን ይወቅ? በጠረን?»

ሽማግሌው ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። ከማንኪራ እስከ ቦንጋ እሳቸውንም መኪናቸውንም የማያውቅ የለም። መኪናዋን «ብርቅዬ» ነው የሚሏት። የማንኪራን ማርና ቡና ወደ ገበያ የምታወርድ፣ በሽተኛ ወደ ሆስፒታል የምታደርስ፣ በክረምት ባጃጅ በማይደፍረው ጭቃ የምትወጣ እሷ ናት። ሴቲቱ ደግሞ መምህርት ፀዳለ ትባላለች። ከደብረ ብርሃን ተመድባ መጥታ ቦንጋ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የመኪና ኤሌክትሪክ ታስተምራለች። ማንኪራ ጓደኛዋ ዘንድ አድራ ስትመለስ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ልብሴን ስጨምቅ በሰማሁት ክርክር ነው።

«መብራት ለምን አያበሩም፣ ጋሼ?» አለች።

«ባትሪ ይበላል፣ የኔ ልጅ።»

«ካላበሩ ደግሞ ሰው ሊበላ ነው።»

«ኧረ አፍሽን በቁርጥማት! ስሚ መምህርት፤ መብራት ካበራሁ ስድስት ወር አለፈኝ። ሬዲዮኑን ፈታሁት። የዝናብ መጥረጊያውን በመስኮት እጄን አውጥቼ እኔው ነኝ የምገፋው። ያለችውን ትንሽ ኃይል ለሞተሩ ልቆጥብለት ብዬ ነው። አሁን ግን ጉድ ሆንን። ብርቅዬ ሜዳ ላይ ከቆመች በቁልፍ አትነሣም።»

ይህንንስ እኔም አውቅ ነበር። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ መኪና የሚያቆሙት ዳገት ላይ ብቻ ነው። ገበያ ቢሄዱ ዳገት ፈልገው ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ቢሄዱ ዳገት ፈልገው ነው። ለቅሶ ሲሄዱ እንኳ ሐዘንተኛው ሜዳ ላይ ከሆነ ርቀው አቁመው በእግር ይመጣሉ እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ከጎማው ሥር የሚያስገቡት ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ሁልጊዜ ከኋላ ተጭኖ ይሄዳል። ለመነሣት ድንጋዩን ያወጣሉ፣ መኪናዋን ቁልቁል ይለቋታል፣ በመካከል ማርሽ ያስገባሉ። ዛሬ ማርሽ ሳያስገቡ እኔ ፊታቸው ላይ ተደቀንሁ።

ቁጠባ መልካም ነገር ነው፤ ይህን የማይቀበል የለም። ነገር ግን ሰው የጉድለቱን ምንጭ ሳያውቅ ሲቆጥብ፣ አንዳንድ ጊዜ ሊያጣው የማይገባውን ነገር ቀድሞ ይቆርጣል። እሳቸው የቆረጡት ዓይናቸውን ነበር።

«ለማንኛውም ዛሬ የመጨረሻዋ ናት» አሉ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው። «ሚሊዮን የሚባል የጅማ ሰው ስድስት ሰዓት ላይ ቦንጋ ይጠብቀኛል። የሚገዛት ለብረቷ ነው። ይቆራርጣታል።»

ፀዳለ ደነገጠች። «ለምን?»

«በዛወርቅ አስማለችኝ። ባለቤቴ ናት። በሐምሌ ምጥ የያዛት ሴት ጭኜ ስወርድ፣ ላም መንገድ ዘጋችብንና ሞተር ጠፋ። ባሏ ገፋ፣ ወንድሟ ገፋ፣ እናቷ ገፋች። ኋላ ሴትዮዋ ራሷ ‹እኔም ልውረድ?› አትልም! ‹አንቺ የራስሽን ግፊ› አልኋት።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። «በሰላም ወለደች። ልጁን ‹ግፋው› ነው የሚሉት። በዛወርቅ ግን አልሳቀችም። ‹የሚቀጥለዋ ብትሞትብህስ? በጉም ውስጥ ሰው ብትገጭስ? ወይ አድናት ወይ አስወግዳት› አለችኝ። ማዳኑ አቃተኝ። ከእንግዲህ የማንኪራን ሰው በዝናብ ማን እንደሚያወርደው እንጃ።»

«ታዲያ ሕመሟ ሳይታወቅ ነው የሚያርዷት?»

«ታውቋል እንጂ። እርጅና ነው።»

«እርጅናው የት ቦታ ላይ ነው?»

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩዋት። «እርጅና ምን ቦታ አለው? ሁሉም ጋ ነዋ! በአንድ ዓመት ሦስት ባትሪ ቀየርሁ። ዲናሞውን አስቀየርሁ። የዲናሞውን ቺንጋ ቀየርሁ። የቀረኝ ሹፌሩን መቀየር ነው።»

«ከመቀየርዎ በፊት ለክተው ነበር?»

«ምኑን?»

ፀዳለ ከቦርሳዋ መዳፍ የምታህል ቢጫ መለኪያ አወጣች። ሁለት ሽቦ አላት፣ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር፤ ጫፋቸው እንደ መርፌ የሾለ ነው። «ይህች የኤሌክትሪኩን ጉልበት በቮልት ትነግረናለች። አምስት ደቂቃ ይስጡኝ። ካልሆነ ገፍተን እናስነሣታለን፣ ለሰውየውም ያደርሳሉ።»

«ቁጥር መኪና አያስነሣም፣ መምህርት።»

«አያስነሣም። ግን የቱ ጋ እንደታመመች ይናገራል። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ትኩሳትዎን ሳይለኩ ሆድዎን ቢቀዱት ዝም ይላሉ?»

«ሆዴን እንኳ ተዪው» አሉና ኮፈኑን ከፈቱ።

መጀመሪያ ሞተሩ እንደጠፋ ሁለቱን ሽቦዎች በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ አሳረፈች። አሥራ ሁለት ነጥብ ሁለት። «ባትሪው ተርቧል፤ አልሞተም» አለች። ቀጥላም ሞተሩ ሲነሣ ዲናሞው ባትሪውን መመገብ እንዳለበት፣ ያን ጊዜም እዚያው ባትሪው ላይ አሥራ አራት ገደማ ማየት እንዳለብን ነገረችን። መንገዱ ሜዳ ነውና እኔና እሷ በጉልበታችን ገፋን። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አወለቀው። ብርቅዬ አሳለችና ተነሣች።

«አያጥፉብኝ!» አለች ፀዳለ እየሮጠች፣ እንደገናም ባትሪው ላይ ለካች። «አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት።»

«አየሽ! ዲናሞው ነው! አዲስ ነው ብሎ አሮጌ ሸጠልኝ፣ ያ ቀጣፊ!»

«ቀስ ይበሉ፣ ሰውየውን ሳይጠይቁ አይኮንኑ። ዲናሞውን ራሱን እናናግረው።» ሽቦዎቹን ዲናሞው ጀርባ ላይና ገላው ላይ አሳረፈች፤ እጅጌዋን ከሚሽከረከረው ቺንጋ እያራቀች። «እዚህ ይዩ። አሥራ አራት ነጥብ ሁለት። ዲናሞዎ ጤነኛ ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውጥተው ቁጥሩን ራሳቸው አነበቡ።

«ታዲያ ባትሪው ጋ ለምን ጎደለ?»

«እኔስ የምጠይቀው ያንን አይደል? ጋሼ፣ ከማንኪራ ሙሉ ገንቦ ማር ወጥቶ ቦንጋ ጎድሎ ቢደርስ ምን ያደርጋሉ? ንቦቹን ይቀይራሉ?»

«መንገዱን አያለሁ። ተሸካሚውንም አፉን አሸታለሁ።»

«በሉ የተሸካሚውን አፍ እናሽትት። ዲናሞው የሚልከው ኃይል ወደ ባትሪው የሚሄድበት መንገድ አለው፤ ዞሮ የሚመለስበትም መንገድ አለው። አንዱ ከተዘጋ ሁለቱም ተዘጉ ማለት ነው። መንገዱ ንጹሕ ከሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለካው መለኪያዬ ዜሮ አካባቢ ነው የምትለው። ትልቅ ቁጥር ካለች ቮልቱ እዚያ ቀርቷል።»

መሄጃውን ለካች፤ ነጥብ አንድ ብቻ። ከዚያም አንዱን ሽቦ በሞተሩ ብረት ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ነጋቲቭ ጫፍ ላይ አሳረፈች። አንድ ነጥብ አራት። በልቤ ደመርሁት፤ አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት፣ አንድ ነጥብ አራትና ነጥብ አንድ። ልክ አሥራ አራት ነጥብ ሁለት መጣ። ትምህርት ቤት ሳለሁ የሒሳብ መልስ እንዲህ ደስ አሰኝቶኝ አያውቅም። አንድ አሮጌ መኪና ስድስት ወር ሙሉ ስትናገረው የኖረችውን ነገር ያን ጊዜ የሰማሁት መሰለኝ።

ፀዳለ አንገቷን አስግጋ ከሞተሩ ወደ መኪናዋ ገላ የሚሄድ አንድ አጭር ጠፍጣፋ ገመድ አገኘች። «መመለሻው ይኸ ነው። ይህን ገመድ ማን ነካው?»

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «እኔ! ዓምና ዝገት አየሁበትና ፈታሁት። ሰም አቀለጥሁ፣ ሁለቱንም ጫፍ እንደ ጧፍ ነከርሁ፣ መልሼ አሰርሁት። ከዚያ ወዲህ ዝገት የሚባል አልነካውም።»

«ሰም?»

«የማር ሰም። ንጹሕ።»

ፀዳለ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አመለጣት። «ጋሼ፣ ሰም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መመለሻውን አሽገው ዘግተውታል።»

መሳቅ አልነበረባትም። የሽማግሌው ፊት ተለወጠ፤ በካፊኖኖ አንድ ነገር አጉተመተሙ፣ ከዚያም በአማርኛ ቀጠሉ።

«አባቴ በዚህ ሰም ጠፍር ከመበስበስ አድኗል። ዕቃ አሽጓል። የቤታችን የበር ማጠፊያ አርባ ዓመት ያልዛገው በሰም ነው። አንቺ ከመጣሽ ሁለተኛ ዓመትሽ ነው። ትምህርት ቤት የዋለ ሰው እኛ ዘንድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ጥፋታችንን ነው። ግቡ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ እንሂድ።»

«አምስት ደቂቃ...»

«ምን ልታደርጊ?»

«ፈትቼ ላጸዳው። ግን ሞተሩን ማጥፋት አለብዎት።»

«እዚህ? ሜዳ ላይ?» አሉ፣ ልብስዎን ያውልቁ የተባሉ ያህል። «ስድስት ወር ሙሉ በፈቃዴ ሜዳ ላይ አላጠፋሁም! ሰውየው ስድስት ሰዓት ብሎኛል፤ ቃል ሰጥቻለሁ።» ኮፈኑን ዘግተው መሪው ላይ ተቀመጡ።

እኔ ከሰው ጋር ብዙ አልነጋገርም። ጨዋታ ሲሞቅ ዳር ይዤ መስማት ነው ልማዴ። ያን ጊዜ ግን ፀዳለን አየሁ፣ የምትንቀጠቀጠዋን አሮጌ መኪና አየሁ፣ ከጭቃው ያልደረቀ ሱሪዬንም አየሁ፤ ሳላስበው በመስኮቱ በኩል ቆምሁ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበል?»

«በል።»

«ቅድም ቦይ የገባሁት እኔ ነኝ። እግሬ ወጣት ስለሆነ ዘለልሁ። እትዬ በዛወርቅ ቢሆኑ ኖሮ ይዘልሉ ነበር?»

መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ ቦዩ ተመለከቱ።

«ለሰውየው ቃል ሰጥተዋል። ለእትዬ በዛወርቅ ግን ቀድመው ነው የሰጡት። እሳቸው ያሉዎት ‹ወይ አድናት› ነው መጀመሪያ። ሞተሩን ያጥፉ። ካልተነሣች እኔ እገፋለሁ። ቦንጋ ድረስም ቢሆን እገፋለሁ።»

«ብቻህን?» አሉና ክንዴን ገረመሙት። «በዚህ ክንድ ጋሪም አትገፋ!»

ግን ፊታቸው ፈታ አለ። እጃቸው ቁልፉ ላይ ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። እኔ ሰው ሲወስን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቁልፉን አዞሩትና ሞተሩ ጠፋ። ጉሙ ውስጥ የዝንጀሮ ጩኸት ብቻ ቀረ።

ፀዳለ ጊዜ አላባከነችም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መሳቅ አልነበረብኝም» አለች መጀመሪያ። ከዚያ የባትሪውን ነጋቲቭ ገመድ አላቀቀች፣ የመመለሻውን ገመድ ሁለቱንም ቡሎን ፈታች። ገመዱን ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። ጫፉ ቢጫና ለስላሳ ነበር፤ ማር ማር ይላል። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ አሸተቱት፣ በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት።

«ጋሼ፣ ሰሙ ጥፋት የለበትም» አለች ፀዳለ ቀስ ብላ። «ጥፋቱ የገባበት ቦታ ነው። ብረቱ ብረቱን መንካት አለበት፤ በመካከላቸው ምንም መግባት የለበትም፣ ዝገትም ቢሆን ሰምም ቢሆን። ከጠበቀ በኋላ ግን ከላይ ቢቀቡት ውኃ አያስገባም። እኛ ግሪስ ነው የምንቀባው። የእርስዎ ሰም ለዚህ አያንስም።»

«ከላይ?»

«ከላይ። ሙሽሪትና ሙሽራው እጅ ለእጅ ይያያዙ፤ ካባው ከላይ ይለበስ።»

«ይኸንን ዓምና ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉና ቢላዋቸውን መዝዘው ራሳቸው መፋቅ ጀመሩ። እኔ የቦዲውን በኩል በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ፤ ብረቱ እንደ አዲስ ሳንቲም እስኪያበራ ድረስ። የባትሪውም ጫፎች ላይ ሰም ተገኘ፤ እሱንም ፋቅን። ቡሎኖቹን ፀዳለ አጠበቀች፣ ባትሪውን መልሳ አሰረች፣ ወደ ኋላ ቆመች።

«ያስነሡ።»

«በቁልፍ?»

«በቁልፍ።»

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ አማተቡ። እኔም እጄን የመኪናዋ ጀርባ ላይ አድርጌ፣ እግሬን ጭቃው ውስጥ ተክዬ ለመግፋት ተዘጋጀሁ። ቁልፉ ዞረ። ብርቅዬ አንዴ አጓራችና ተነሣች፤ እኔ ተደግፌያት ስለነበር በአፍጢሜ ልደፋ ምንም አልቀረኝም።

«መለኪያዋን አምጪ!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው። «እኔ ላንብብ!» ሽቦዎቹን እሷ ያዘች፣ እሳቸው አነበቡ። «አሥራ አራት... ነጥብ አንድ። መብራቱን ላብራው?»

«ያብሩት እንጂ።»

ሁለት ቢጫ ጨረሮች ጉሙን ሰንጥቀው ወጡ። ሃያ እርምጃ ወደፊት ያለች አንዲት የኮሶ ዛፍ ቅድም ከነጭራሹ ያልነበረች፣ አሁን ቅጠሏ ሳይቀር ታየች። መለኪያው አሥራ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ለረጅም ጊዜ ዛፏን አዩ።

«ሞተሩ እየሠራ መብራቱን የሚመግበው ዲናሞው ነው» አለች ፀዳለ። «ከእንግዲህ መብራት ሲያበሩ ባትሪዎን እየቀሙ አይደለም።»

«ስድስት ወር በጨለማ የነዳኋት በከንቱ ነዋ!»

ከዚያም ከመቀመጫው ሥር በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ሰም አወጡ። በጣታቸው አሙቀው፣ ከታሰረው ቡሎን ላይ ከላይ፣ እንደ ቅባት ቀቡት። ስልካቸው የጮኸው ያን ጊዜ ነው።

«አቤት ሚሊዮን... አዎ፣ እየመጣሁ ነው። ግን ይቅርታ አድርግልኝ፤ አልሸጣትም... አይ፣ ሌላ ሰው አይደለም የገዛት። በሽታዋ ታወቀ... ምን ሆና ነው? እኔ ነበርሁ። አፏን በሰም አሽጌባት ነበር።» አዳምጠው ሳቁ። «ና ብቻ፤ ምሳ እኔ እጋብዝሃለሁ። ቃሌን ያጠፍሁት በምሳ ይካሳል።»

እስከ ቦንጋ ድረስ ጉሙ ተገፍፎ ፀሐይ ከወጣ በኋላም መብራቱን አላጠፉም። ፊት ለፊት የሚመጣው ሁሉ በእጁ ምልክት ይሰጣቸዋል። «መብራትዎ በርቷል!» ይላቸዋል። «አውቃለሁ!» ይላሉ እሳቸው በደስታ። መሀል ገበያው አጠገብ ሜዳ ላይ፣ ከየትኛውም ዳገት ርቀው አቆሙና ቁልፉን ነቀሉ። የሚያውቋቸው ባለሱቆች ለመግፋት እየተነሡ መጡ፤ እሳቸው ግን በእጃቸው መለሷቸው።

አንባቢ ወገኔ፣ እኔ የመኪና ሊቅ አይደለሁም። ከዚያ ጠዋት ግን ያልረሳሁት ነገር አለ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ዛሬ የራሳቸው መለኪያ አላቸው፤ ዕቃ ከመቀየራቸው በፊት ይለካሉ፣ የለኩትንም በደብተር ይጽፋሉ። ያው አሮጌው ባትሪ ይኸው ዓመቱን ሊደፍን ነው። ዝናብ መጥረጊያው በራሱ ይሠራል፣ ሬዲዮኑም ተመልሶ ገብቷል። የማንኪራ ሴቶች በሐምሌ ጭቃ ወደ ሆስፒታል ሲወርዱ የሚገፋ ዘመድ መጥራት አላስፈለጋቸውም። መምህርት ፀዳለም ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቿ ስለ ግሪስ ስታስተምር፣ «ግሪስ ከሌለ የማር ሰም፤ ግን ከላይ!» ትላለች አሉ። የቆየ ነገር ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም፤ አዲስ ነገር ሁሉ ይታቀፍ ማለትም አይደለም። ቦታውን ለማወቅ ግን መለካት ያስፈልጋል፤ ለመለካትም ሞተሩን ሜዳ ላይ ለማጥፋት መድፈር ያስፈልጋል።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። በሁለት እጃቸው ያን ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አቅፈዋል።

«ይኸ ለእኔ ሥራ ፈቷል» አሉኝ። «በርህን ነፋስ እየዘጋ ያስቸግርሃል ሲሉ ሰማሁ።»

አሁን ይህን ስጽፍ ድንጋዩ በሩ ሥር ተቀምጧል። በሩም ክፍት ነው።